ወደ ላብራቶሪ የሚመልሰው መንገድ፦ ትንሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመረጠች እናት ጉዳይ

ይህ ጉዳይ ለምን ተጻፈ

አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው ስለ ትምህርት ሲያማክር ሁለት ምክር ይደርሰዋል። አንዱ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግባ፣ ርካሽ ነው» ይለዋል፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ነው። ሌላው «ኮሌጅ ዕድሜ ይበላል፣ አጭር ኮርስ ወስደህ ሥራህን ጀምር» ይለዋል። ሁለቱም ከልብ የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። ግን የትኛው ኮሌጅ? የትኛው ፕሮግራም? ክፍሉ በስንት ሰዓት ነው? ተምሮ ሲጨርስ ማን ይቀጥረዋል? እዚህ ላይ ምክሩ ያልቃል።

እኔ አዲስ የሚመጡ ወገኖችን በትምህርት ቤት ወረቀት አግዛለሁ። ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያው አንስቶ ተከታትዬዋለሁ። ባለታሪኳ አንብባው እንዲወጣ ፈቅዳለች። የእሷም፣ የኮሌጆቹም፣ የሆስፒታሉም ስም አይነሳም፤ ስቴቱንም አልጠቅስም።

ጉዳዩ በመጨረሻ ተሳክቷል። ግን አንድ ዓመት ሙሉ ተጓትቷል። የተሳካበትም የተጓተተበትም ምክንያት አንድ ነው፤ የኮሌጁ ትንሽነት። መመዝገብ አለበት ያልኩትም ለዚህ ነው።

መነሻው

ባለታሪኳ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። አገር ቤት አሥረኛ ክፍል ጨርሳ በአንድ የክልል ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በሜዲካል ላብራቶሪ ዲፕሎማ ያዘች። ሲኦሲውን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ አለፈች። ከዚያ ለዓመታት በጤና ጣቢያ ሠራች። የወባ ስላይድ፣ የአክታ ምርመራ ለቲቢ፣ ሰገራና ሽንት፣ የቀን ሥራዋ ይኸው ነበር። መብራት ሲጠፋ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮት አስጠግታ፣ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን እየሰበሰበች ታነብ ነበር።

ከባለቤቷና ከልጇ ጋር በዲቪ መጣች። ባለቤቷ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፤ ሲመቸው ኡበር ይነዳል። እሷ ሆም ኬር ገባች፤ ቀን ቀን አንዲት አዛውንት ትንከባከባለች። መኪናቸው አንድ ናት። የሙያው እንግሊዝኛ ብዙም አይቸግራትም። የሚከብዳት ስልክ ማናገርና ረዘም ያለ ጽሑፍ መጻፍ ነበር።

መጀመሪያ ስንገናኝ ያለችኝ አንድ ነገር ነው። «ወደ ላብራቶሪዬ መመለስ ነው የምፈልገው።» እንዲህ ቁርጥ ያለ ፍላጎት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ አይገጥመኝም።

ከፊቷ የነበሩት ሦስት በሮች

የመጀመሪያው ቅርቧ ያለ ትልቅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። አውቶቡስ ከበራፏ ይወስዳታል። ሀበሻ ተማሪ ሞልቶበታል፤ የቀድሞ ፈተናና መጽሐፍ የሚያዋስ ሰው አይጠፋም። የናርሲንግ ፕሮግራም አለው፤ የሜዲካል ላብራቶሪ ፕሮግራም ግን የለውም። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት አንዲት እናት «ልጄ፣ ላብራቶሪ ምን ያደርግልሻል? ከሰው ጋር ናርሲንግ ግቢ፣ እዚያ እንጀራ አለ» ብለዋታል። የእሳቸው ሁለት ልጆች በዚያው መንገድ ሄደው ነርስ ሆነዋል፤ የሚያውቁትን ነው የመከሩት። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መግባትና ናርሲንግ መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሌጁ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ናርሲንግ ግን ቅድመ ኮርሶች አሉት፣ የመግቢያ ፈተና አለው፣ ቦታው ውስን ነው፤ በውድድር ነው የሚገባው።

ሁለተኛው ለትርፍ የሚሠራ የግል የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ማስታወቂያው ፌስቡክ ላይ ደረሳት። «በጥቂት ወራት የሕክምና ሙያ፣ የላብራቶሪ ልምምድ ያለው» ይላል። ደውላ ጠየቀች፤ በማግስቱ ቢሮ ጠሯት። ትምህርቱ ሜዲካል አሲስታንት ነው። ክፍያው የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን የሁለት ዓመት ክፍያ ያልፋል፤ አብዛኛው በብድር የሚሸፈን ነበር።

ሦስተኛው ትንሹ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ከቤቷ በመኪና ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይርቃል፣ ሌላ ካውንቲ (በስቴት ሥር ያለ አስተዳደር) ውስጥ። ማታ አውቶቡስ የለውም። ስሙን ከሀበሻ ሰምታው አታውቅም። የሜዲካል ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ፕሮግራም ግን አለው። እዚህ አገር ኤምኤልቲ ይሉታል።

ከሥራው ወደ ኋላ መቁጠር

ኮሌጆቹን ከማወዳደር በፊት የሥራ ማስታወቂያ ፈልገን አየን። በአካባቢው ያሉ ሆስፒታሎች ለላብራቶሪ ቴክኒሺያን ምን ይጠይቃሉ? ማስታወቂያዎቹ ተመሳሳይ ነበሩ። አሶሺየት ዲግሪ (የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ) እና ኤኤስሲፒ የሚባለው የሙያ ማኅበር የሚሰጠው የኤምኤልቲ ማረጋገጫ። «ሜዲካል አሲስታንት» የሚል አንድም አላገኘንም። የግል ትምህርት ቤቱ ጉዳይ በዚህ ግማሽ በግማሽ ተዘጋ። ሜዲካል አሲስታንት ክብር ያለው ሥራ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ደም ግፊት ይለካል፣ ታካሚ ያዘጋጃል፣ ቀላል ምርመራ ይሠራል። ወደ ሆስፒታል ላብራቶሪ ግን አያስገባም።

ቀጥሎ ለኤኤስሲፒ ፈተና ማን ይቀርባል የሚለውን አየን። ባችለር ዲግሪና በቂ የላብራቶሪ ልምድ ያለው ሰው የውጭ ትምህርቱን አስገምግሞ የሚፈተንበት መንገድ አለ። ይህ ለብዙ የአገር ቤት የላብራቶሪ ምሩቅ ሊጠቅም ይችላል፤ ኮሌጅ ከመግባት በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። እሷ ዲግሪ ስለሌላት አልሆነላትም። ለእሷ የሚሠራው ናክልስ የሚባለው አካል እውቅና የሰጠው የኤምኤልቲ ፕሮግራም ነበር።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እውቅና ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለኮሌጁ በሙሉ የሚሰጥ ነው፤ የፌዴራል እርዳታ የሚገኘው በዚህ ነው። ሌላው ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ለሙያ ፈተና የሚያስቀርበው ይኼኛው ነው። «እውቅና አለን» የሚል ትምህርት ቤት የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የግል ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው ነበረው፤ ሁለተኛው ለኤምኤልቲ አልነበረውም፤ ፕሮግራሙም ስለሌለው።

ናክልስ አንድ ጥሩ ነገር ያስገድዳል። ፕሮግራሞች የፈተና ማለፊያ፣ የምረቃና የሥራ ማግኛ ውጤታቸውን ለሕዝብ ያሳውቃሉ። መስፈርቱ በሦስት ዓመት አማካይ ቢያንስ 75 በመቶ ፈተናውን እንዲያልፍ፣ 70 በመቶ እንዲመረቅ፣ 70 በመቶ ሥራ እንዲያገኝ ነው። የትንሹን ኮሌጅ ቁጥር ከራሱ ገጽ ላይ አገኘነው፤ ከመስፈርቱ በላይ ነበር። ከጎኑ የተመራቂው ብዛት ተጽፏል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆስፒታሎቹ ለልምምድ የሚቀበሉትን ያህል ተማሪ ብቻ ነው የሚገባው። የክፍል ጓደኞችሽ በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ አልኳት።

የግል ትምህርት ቤቱንም ተመሳሳይ ቁጥር ጠየቅን። የመዝጋቢው መልስ «ተማሪዎቻችን ሆስፒታል ገብተዋል» የሚል ነበር፤ የጽሑፍ ማስረጃ ግን አላሳየንም። ይልቁንም «ዛሬ ካልፈረምሽ ቦታው ይሞላል» አላት። እንዲህ ሲባል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ መውጣት ነው፤ እሷም ያደረገችው ይኼንኑ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ለማጣራት ፈለግን። የዚያ ትምህርት ቤት ክሬዲት ሌላ ቦታ ይቆጠራል? ቅርብ ያለውን ትልቅ ኮሌጅ ጠየቅን፤ አይቆጠርም አሉ። የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ተዘግቶም ያውቃል። ኮሪንቲያን በ2015፣ አይቲቲ ቴክ በ2016 ሲዘጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸው መሐል ላይ ተቋርጦባቸዋል።

ጉብኝቱ

ወደ ትንሹ ኮሌጅ ስልክ ደወለችና የፕሮግራሙ ኃላፊ ራሷ አነሳች። ትልቁ ኮሌጅ ግን በተራ ቁጥር ነበር የሚያስተናግደው። ኃላፊዋ ለጉብኝት ቀጠረቻት።

አብሬያት ሄጄ ነበር። ላብራቶሪው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። በአንድ ጎን ማይክሮስኮፖች፣ በሌላው ጎን ከሆስፒታል የተለገሰ የደም መመርመሪያ ማሽን። ኃላፊዋ አገር ቤት ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቀቻት። «ወባ» አለች። ኃላፊዋ ከሳጥን አንድ የማስተማሪያ ስላይድ አወጣችና አስቀመጠችላት። እጇ ማተኮሪያውን ሳታየው ነበር የሚያሽከረክረው። ብዙም ሳትቆይ ቀና አለች፤ «ፋልሲፋረም። ጋሜቶሳይቱ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አለው» አለች፤ የወባውን ዓይነት ከተውሳኩ ቅርጽ መለየቷ ነው። ኃላፊዋ ሳቀች። እሷ ራሷ በሽታውን ከማስተማሪያ ስላይድ ውጭ እንዳላየችው ነገረችን። ከዚያ በኋላ የነበረው ወሬ የሁለት ባለሙያ ወሬ ሆነ። እንግሊዝኛዋም ያን ቀን ብዙም አልተያዘባትም።

የሚያስፈልገውን ሁሉ ያን ዕለት ጠየቀች። ኃላፊዋ አልሸፋፈነችም። ፕሮግራሙ የሚጀምረው በዓመት አንዴ፣ ፎል (መጸው) ላይ ነው። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ስፕሪንግ (ጸደይ) ላይ ነው። ኮርሶቹ በቅደም ተከተል ይሄዳሉ፤ አንዱን የጣለ ዓመት ይጠብቃል። የመጨረሻዎቹ ወራት ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ ነው፤ ቀን ሙሉ፣ ያለ ክፍያ። ክትባት፣ የወንጀል ምርመራና የዕፅ ምርመራ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ በአማርኛ ጻፈችው።

ወረቀትና ገንዘብ

የትራንስክሪፕቱ ነገር አድካሚ ነበር፤ ባጭሩ ልለፈው። ከአገር ቤት ኮሌጁ ታሽጎ እንዲላክ እህቷ ተመላልሳለች። አሥረኛ ክፍል ላይ ማቆሟ ጥያቄ አስነሳ። የግምገማ ድርጅቱ ሪፖርት ትምህርቷን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያና የሙያ ሥልጠና ስለቆጠረው ኮሌጁ ተቀበላት። የሳይንስ ኮርሶቿ ግን አልተያዙላትም። ባዮሎጂም ኬሚስትሪም እንደገና። ይህ በጣም አሳዝኗታል፤ እኔንም።

እንግሊዝኛ ላይ አንድ ጥሩ ውሳኔ ወሰነች። ኮሌጁ በምደባ ፈተናው ኢኤስኤል (ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች የሚሰጥ እንግሊዝኛ) ላይ አስቀመጣት። ኢኤስኤሉን ኮሌጅ ውስጥ በክፍያ ከመውሰድ ካውንቲው በነፃ የሚሰጠውን የአዋቂዎች ክፍል ገባች። ያን ጊዜ በእሷ ስቴት የነዋሪነት ዋጋ ለማግኘት የሚጠየቀው 12 ወር ገና አልሞላላትም ነበር፤ ስለዚህ ጊዜው አልባከነም። ወሩ ሲሞላ ፈተናውን ደግማ ወሰደች፤ በቀጥታ ወደ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ገባች።

ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው፣ ላይ ብዙ አዲስ መጤ የማያውቀው ነገር አለ። ፎርሙ የሚጠይቀው የዘንድሮን ገቢ አይደለም፤ የሁለት ዓመት በፊቱን ነው። ለምሳሌ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን የ2023 ገቢ ነው የሚታየው። በዚያን ጊዜ አገር ቤት የነበረ ሰው የብር ደመወዙን ወደ ዶላር ቀይሮ ይሞላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ማመልከት ይችላል። የእሷና የባለቤቷ የአገር ቤት ደመወዝ በዶላር ሲሰላ በጣም ትንሽ ስለነበር የመጀመሪያው ዓመት ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) ሙሉ ሆነላት። ሙሉ ፔል በ2024–25 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ በአገር አቀፍ አማካይ 4,050 ዶላር ገደማ ነበር። ያለ ብድር ጀመረች። ቀጥለው በመጡት ዓመታት ግን የአሜሪካ ገቢያቸው ፎርሙ ላይ ስለገባ ፔሉ ቀነሰ። ይህን አስቀድመን ስላሰላነው ከመጀመሪያው ዓመት የተረፈውን አልነካችውም፤ ለመኪና ነዳጅና ለመጽሐፍ አስቀመጠችው።

የሌላ ካውንቲ ነዋሪ መሆኗም ዋጋ ነበረው። ሜሪላንድን በመሳሰሉ ስቴቶች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለካውንቲው ሰው፣ ለሌላ ካውንቲ ሰውና ለሌላ ስቴት ሰው የተለያየ ያስከፍላል። በእሷ ስቴት ፕሮግራሙ በራሷ ካውንቲ ኮሌጅ ካልተሰጠ ልዩነቱን የሚያነሳ ፎርም ነበር። ፎርሙን የነገረቻት የፕሮግራሙ ኃላፊ ናት። መዝገብ ቤት ግን አላነሳውም ነበር።

ዓመቱ እንዴት አመለጠ

የመጀመሪያው ሴሜስተር ጥሩ ሄደ። ማታ ማታ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ባዮሎጂ ወሰደች። ባለቤቷ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት መኪናዋን ትመልስለታለች፤ ደቂቃ የማያሳልፍ ፕሮግራም ነበር።

ችግሩ ስፕሪንግ ላይ መጣ። ትንሹ ኮሌጅ የማታ ኬሚስትሪ አንድ ክፍል ብቻ ነበረው። ሴሜስተሩ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው የተመዘገበው ሰው አነሰና ክፍሉ ተሰረዘ። የቀረው የቀን ክፍል ነው። ትልቅ ኮሌጅ ቢሆን ሌላ የማታ ክፍል አይጠፋም ነበር። እሷ ተስፋ ሳትቆርጥ የቀኑን ያዘች። የሆም ኬር ኤጀንሲዋ ሰዓት እንዲቀይርላት ለመነች። ለጥቂት ሳምንት ተቀየረላት፤ ከዚያ አዛውንቷ ታመው ሆስፒታል ገቡ፣ ሌላ ታካሚ በሌላ ሰዓት ተመደበላት። ሁለት የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ አመለጣት። ከመውደቅ ብላ ኮርሱን ዊዝድሮው አደረገች፤ በይፋ ተወችው ማለት ነው።

ዊዝድሮው ነጥብ አያወርድም፤ እንዲሁ ግን አይታለፍም። የፌዴራል እርዳታ የሚወስድ ተማሪ ከሞከረው ክሬዲት ውስጥ የተወሰነውን ማለፍ አለበት። በአብዛኛው ኮሌጅ መለኪያው 67 በመቶ ነው። እሷ የቀሩትን ኮርሶች ስላለፈች ከመስመሩ በላይ ቀረች። ኬሚስትሪ ካላለቀ ግን ለኤምኤልቲ ማመልከት አይቻልም። የስፕሪንጉ ቀነ ገደብ አለፈ።

ሰመር ላይ ኬሚስትሪውን ቅርቧ ባለው ትልቅ ኮሌጅ ወሰደች። ከመመዝገቧ በፊት ትንሹ ኮሌጅ እንደሚቀበለው በኢሜይል አረጋገጠች። አለፈች። በጣም የሚያስቆጨው ይኼ ነው፤ ትልቁን ኮሌጅ ከመጀመሪያው እንደ መጠባበቂያ ይዘነው ቢሆን ኖሮ የማታው ክፍል በተሰረዘበት ሳምንት እዚያ መመዝገብ ይቻል ነበር።

ከባከነው ዓመት ምን ተገኘ

ዓመቱን ዝም ብላ አልጠበቀችም። ትንሹ ኮሌጅ የፍሌቦቶሚ፣ ማለትም የደም መቅዳት፣ አጭር ሥልጠና ነበረው። ሥልጠናው ክሬዲት የሌለው ስለሆነ ፔል አልሸፈነውም። የካውንቲው አሜሪካን ጆብ ሴንተር ግን ለሥራ ማሠልጠኛ ከሚሰጠው ገንዘብ ከፈለላት። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፔል ከ8 ሳምንት የማያንሱ፣ 15 ሳምንት የማይሞሉና መስፈርት የሚያሟሉ የሥራ ሥልጠናዎችንም እንዲሸፍን ይፈቅዳል፤ ከእሷ በኋላ ለሚመጣ ሰው ይህ በር ሰፍቷል።

ደም መቅዳት አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነባት ሥርዓቱ ነው። አገር ቤት በሲሪንጅ ነበር የምትቀዳው። እዚህ ቱቦዎቹ በክዳናቸው ቀለም ይለያሉ፤ ቅደም ተከተሉም አይዛባም። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ። ወይን ጠጁ ከቀይ ቀድሞ ከተቀዳ በውስጡ ያለው ኬሚካል ወደ ቀጣዩ ቱቦ ተሻግሮ የፖታሲየምና የካልሲየም ውጤት ያዛባል። ፍሪጅ ላይ ባለቀለም ወረቀት ለጥፋ፣ ልጇ እንቁላል እየበላ ቅደም ተከተሉን አብሯት ሲል ሰምቻለሁ።

ሥልጠናውን ስትጨርስ ሆስፒታል ተቀጠረች። ሥራው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይጀምራል፤ ሐኪሞቹ ጠዋት ሲመጡ ውጤቱ መድረስ አለበት። ሰዓቱ ከባድ ቢሆንም እኩለ ቀን ሳይደርስ ነፃ ትወጣለች። ባለቤቷ ደግሞ የሌሊቱን ሥራ በቀን ለወጠ። ሆስፒታሉ ለሠራተኛ ትምህርት ይከፍላል፤ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ መክፈል ይችላል። ፔሉ ሲቀንስ ክፍተቱን የሞላው ይኼ ነው። ቱቦዎቹን የምታስረክበው ደግሞ እዚያው ላብራቶሪ በር ላይ ነው። ሠራተኞቹ በስሟ ያውቋት ጀመር።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ኤምኤልቲ ከገባች በኋላ የትንሽነቱ ጥቅም ጎልቶ ታየ። መምህሯ በስሟ ነው የምትጠራት። የመጀመሪያው የላብራቶሪ ሪፖርቷ በቀይ ተሞልቶ ሲመለስ አብረው ቁጭ ብለው አረሙት። ሁለተኛው ሪፖርት የተሻለ ነበር። የልምምድ ቦታ ሲመደብ ኃላፊዋ ለሆስፒታሉ ደውላ እዚያው የምትሠራበት ላብራቶሪ አስገባቻት። ትልቅ ተቋም ውስጥ ይህ በአንድ ስልክ አያልቅም ብዬ አስባለሁ።

ያልሠራውም ብዙ ነው። አካዳሚክ አድቫይዘሯ (የትምህርት አማካሪዋ) ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ አዲሱ ሰው ታሪኳን ከባዶ ይጀምራል። ቤተ መጻሕፍቱ ማታ ቶሎ ይዘጋል። ርቀቱ መኪናዋን ጨርሷታል። ሌላ ሀበሻ ተማሪ ስላልነበረ ብቸኝነት ነበረባት፤ በተለይ የመጀመሪያው ክረምት። የልጅ መዋያ የለውም። በልምምዱ ወራት ልጁን የያዙት እነዚያው «ናርሲንግ ግቢ» ያሏት እናት ናቸው። «እኔ መች ሥራሽን ጠላሁት፣ ቶሎ እንድትደርሺ ብዬ ነው እንጂ» አሏት።

ከምረቃ በኋላ የኤኤስሲፒ ፈተናውን ወሰደች። መቶ ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ኮምፒዩተሩ ትክክል ሲመለስለት ጥያቄውን እያከበደ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጎበዝ ተፈታኝም እንደወደቀ እየመሰለው ይወጣል። እሷም እያለቀሰች ነው የደወለችልኝ። ማለፊያው 400 ነው፤ በደህና አልፋለች።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ሰው የማወርሰው የመጀመሪያው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ማስታወቂያው የሚጠይቀው ማረጋገጫ፣ ከዚያ ለማረጋገጫው የሚያበቃው ፕሮግራም፣ መጨረሻ ላይ ኮሌጁ። ብዙዎቻችን ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው። ቅርብ የሆነውን ወይም ዘመድ የተማረበትን ኮሌጅ እንይዝና ውስጡ ያለውን ስንመርጥ እንገኛለን።

ትንሽ ኮሌጅ የሚመርጥ ሰው የማታና የሰመር መርሐ ግብሩን የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ዓመታትም ይጠይቅ። ማውጫው ላይ ያለ ኮርስ ሁሉ በየሴሜስተሩ አይከፈትም። ለእያንዳንዱ አጠቃላይ ኮርስ ሌላ ኮሌጅ ላይ ተመጣጣኙን አስቀድሞ ማወቅና ተቀባይነቱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። በቃል የተባለ ነገር አድቫይዘሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ፔል ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው የሚወሰደው፤ በሕይወት ዘመንም በድምሩ የ12 ሴሜስተር ያህል ገደብ አለው። ክሬዲቱ የትም በማይቆጠር ትምህርት ላይ የጨረሰው ሰው በአብዛኛው መልሶ አያገኘውም።

ከመፈረም በፊት የፕሮግራሙን ኃላፊ በአካል ማግኘት የግድ ነው እላለሁ። የምዝገባ ቢሮ ሰው ተማሪ ማስገባት ነው ሥራው። ኃላፊዋ ግን ያ ተማሪ ልምምዱን ካልጨረሰ የፕሮግራሟ ቁጥር ይወርዳል፤ ስለዚህ እውነቱን ትናገራለች። ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለው የመንግሥት ገጽ ላይም የየኮሌጁን የምረቃ መጠን፣ ዋጋና የተመራቂ ገቢ በነፃ ማየት ይቻላል። በጣም ትንሽ ፕሮግራም ግን የተመራቂው ቁጥር ስለሚያንስ ገቢው ላይወጣ ይችላል፤ ያ ሲሆን ለኃላፊው ደውሎ ያለፉት ተመራቂዎች የት እንደገቡ መጠየቅ ነው።

አሶሺየት ዲግሪም አንድ አይደለም። አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለማሻገር የተዘጋጀ ነው፤ ሌላው አፕላይድ የሚባለው በቀጥታ ሥራ ለማስገባት ነው። የእሷ ሁለተኛው ነው። ሥራ ላይ ለማዋል ምንም አልጎደለውም፤ ወደ ባችለር ለመሻገር ግን ዩኒቨርሲቲው ሁሉ እኩል አይቀበለውም።

አሁን ያለችበት

ልምምድ በወጣችበት ላብራቶሪ ተቀጥራለች፤ የማታ ሺፍት ናት። አብዛኛውን ምርመራ ማሽን ይሠራዋል። ማሽኑ ያልተለመደ ሕዋስ ሲያገኝ ግን ስላይድ ተሠርቶ በዓይን ይታያል፤ ማይክሮስኮፑ ጋ የምትቀመጠው ብዙውን ጊዜ እሷ ናት።

ቀጣዩ ጥያቄ ባችለር ነው፤ የላብራቶሪ ሳይንቲስት ለመሆን። ትንሹ ኮሌጅ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሁለት ሲደመር ሁለት ስምምነት (ሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ) አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነው፣ አብዛኛው ኮርስ ግን ኦንላይን ነው። ቅርቧ ያለው ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማይክሮባዮሎጂውን እንደገና ትውሰድ ይላል። ሁለቱም ክሬዲቷን ኮርስ በኮርስ ቆጥረው በጽሑፍ እንዲሰጧት ጠይቃለች። የአንዱ መልስ መጥቷል፤ የሌላውን እየጠበቀች ነው።